የሃንግቱም የመጨረሻዋ ቶንግባ ሻጭ

የጠማቂው የኡጅዋል ባስኔት ሬሳ በሚጠምቅበት ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ለጠርሙስ ማሸጊያ በመጣ ጭድ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ተገኘ። ለሚያየው የተኛ ነው የሚመስለው። እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጓል፣ እግሩ ባዶ ነው፣ ቀበቶ አልታጠቀም። እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ አንድ ቶንግባ ቆሟል፤ የተብላላ ዳጉሳ የተሞላ የእንጨት ዋንጫ፣ መምጠጫ ቀሰሙ መሃሉ ላይ እንደተተከለ። በዋንጫው ላይ የተቀረጸችውን ወፍ በሃንግቱም ባዛር የማያውቃት ሰው የለም። የአሮጊቷ የፉንግማ ምልክት ናት።

የፖሊስ ኬላው ኃላፊ ጉማን ጎንበስ ብሎ ዋንጫውን አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። «ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። የአይጥ መርዝ ነው፤ በቃ!» አለ። ያ «በቃ» ነገሩን ሁሉ ዘጋው። ኢንስፔክተር ዲልማያ ራኢ ከአልጋዋ ተጠርታ፣ የሚያማትን ጉልበቷን እየጎተተች ቁልቁለቱን እስክትወርድ ድረስ ፉንግማ ታስራ ነበር።

ዲልማያ ሃንግቱም የገባችው ለሥራ አልነበረም። እህቷን ጠይቃ ወደ ዳንኩታ ስትመለስ ክረምቱ ተራራውን ንዶ መንገዱን ከላይም ከታችም ዘጋው፤ አውቶቡሱም ተሳፋሪውም መሃል ላይ ታፍኖ ቀረ። ዝናቡ አያባራም። ጉሙ መስኮት ድረስ መጥቶ ይቆማል። ስልክ የሚሠራው ከባዛሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥተው ሲለማመጡት ብቻ ነው። ያረፈችው በቶያናት ዳሃል ማረፊያ ቤት ነው፤ የኮሪደሩ አምፖል ከበሯ በላይ ባለው መስታወት አልፎ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን ሲወጋት ስላደረ፣ ስትጠራ ፊቷ አልተፈታም ነበር።

«ማዳም፣ ያለቀለት ጉዳይ ነው» አላት ጉማን። «ዶዘሩ የታችኛውን ናዳ እየጠረገ ነው፤ ዛሬ ይከፈታል ብለዋል። የአውራጃው መኪና ሲደርስ ሴትዮዋን እልካታለሁ።»

«ለመሆኑ አንተ ቤት ስንት እንግዳ አለ?»

«የምን እንግዳ?»

«ቢራ ሊጠጣ መጥቶ ካንተ የተከራየ ነዋ!»

ጉማን አንገቱን አከከ። «ሁለቱን ክፍል አከራይቻለሁ። ማን ያላከራየ አለ ማዳም?»

እውነቱን ነው። ኡጅዋል ከካትማንዱ መጥቶ «የተራራ እናቶች የሺህ ዓመት እርሾ» የሚል ጽሑፍ የለጠፈበትን ቢራ ማጥመቅ ከጀመረ ወዲህ፣ ወሬው ከስልክ ወደ ስልክ ተዛመተና ባዛሩ ሌላ ባዛር ሆነ። አንዲት ጠርሙስ ይዞ ከጉሙ ፊት ፎቶ ለመነሳት ሰው ቀን ሙሉ በጂፕ እየተንገላታ ይመጣል። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ሽጦ አልጋ ገዛ። በሊጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለውን ሞሞ ሻጩ ግድግዳውን አፍርሶ ባለመስታወት በረንዳ ሠራ። የቶንግባ ቤቶቹ ግን አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የአካባቢው ዳጉሳ ሁሉ «ለመጥመቂያው» እየተባለ ሲታፈስ እነሱ ምን ይጥመቁ? የቀረችው በራሷ እርከን ላይ የምታመርተው ፉንግማ ብቻ ናት። እሷም ባለፈው ገበያ ቀን ኡጅዋልን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የጎረቤቶቼን ቤት የዘጋህ፣ የራስህ ቤት ይዘጋ!» ብላ ረግማዋለች።

እንግዲህ ውሻ በበላበት ይጮኻል። ገዳይዋ አሮጊቷ ከሆነች ቢራው ይቀጥላል፣ አልጋውም ይከራያል። ዲልማያ እንዲህ ያለውን ነገር ታውቀዋለች። በዚያ መኪና የተጫነች የሰባ ዓመት ሴት፣ ጉዳይዋ እስኪሰማ እስር ቤት ውስጥ ትሞታለች። ያም አንገበገባት።

«ዶዘሩ እስኪደርስ ጊዜው የኔ ነው» አለችና ጎንበስ አለች።

በመጀመሪያ የሟቹን አፍ አየች። ንጹሕ ነው፤ አላስታወከም፣ አረፋ የለም፣ ጭዱ ላይም አልተንፈራገጠም። የአይጥ መርዝ የጠጣ ሰው እንዲህ ባለ ሰላም አይሞትም። ጣቷን ወደ ዋንጫው ሰደደች። ውሃው ከላይ ተንጣሏል፣ የዳጉሳው ፍሬ ግን ደርቆ እንደነበረ ነው፤ አላበጠም። የቀሰሙ ጫፍ ላይ የከንፈር እርጥበት አይታይም። እግሩ ሥር የቅጠል ሳህን አለ፤ ሩዝ በቅቤ ተጀምሮ የተተወ፣ ምስር የለው፣ ማባያ አቻር የለው። የቆዳ ጫማው ከበሩ ውጪ ነው፤ ቀበቶው ተጠቅልሎ አንዱ ጫማ ውስጥ ገብቷል።

«እነዚህ ኩራዞች ምንድን ናቸው?» ብላ ጠየቀች። አንዱ መሬት ላይ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ሬሳውን ያገኘው ካርማ ነው የመለሰላት። የመጥመቂያው ሠራተኛ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ በለቅሶ ያበጠ ሰው። «ለአየሩ ነው ማዳም። በርሜሎቹ ሲብላሉ የሚተነፍሱት ክፉ አየር አለ። ከባድ ስለሆነ መሬት ለመሬት ነው የሚተኛው። ወንድማችን ኡጅዋል ዳይ፣ የታችኛው ኩራዝ ከጠፋ ሩጡ ይለን ነበር።»

ዲልማያ ሁለቱንም አነሳቻቸው። የመደርደሪያው ዘይቱ አልቆ ክሩ አርሯል። የመሬቱ ግን ዘይቱ ግማሽ ድረስ አለ፤ እያለው ጠፍቷል።

«ክፉውን አየር ምን ያወጣዋል?»

«ማራገቢያው። ይኸው ጠዋት ስመጣም ይሠራ ነበር። ማብሪያ ማጥፊያው የዳሃል ባጄ ማረፊያ ቤት ኮሪደር ላይ ነው፤ ቆጣሪው እዚያ ስለሆነ።»

«አንተስ የት ነው የምታድረው?»

ካርማ ጥያቄው ገባው። «እዚያው ነው። እኔም፣ ባጄም፣ ፎቶ አንሺዋ ሪቺማም፣ እርስዎም ማዳም።»

«ልክ ነህ፤ እኔንም አትርሳኝ። ከኡጅዋል ጋር ተጣልታችኋል?»

«ማን ነገረዎት?»

«አሁን አንተ።»

ካርማ ዓይኑን ጭዱ ላይ ተከለ። «ትናንት ከሰዓት፣ ቢራው አበቃ አለኝ። ነገ ጠዋት ለእንግዶቹ እውነቱን ነግሬ እዘጋዋለሁ አለ። የምን እውነት ብለው አልመለሰልኝም። ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። መንደሬን ትቼ የመጣሁት ለዚህ ነው ወይ ብዬ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮህኩበት። ሲመሽ ደግሞ የሚተኛው እዚህ እንደሆነ ሰማሁ፤ በርሜሎቹን ሊጠብቅ መስሎኝ ነበር። ይቅርታ እንኳን አልጠየቅኩትም።»

ቶያናት ዳሃል በረንዳው ላይ የጸሎት መቁጠሪያውን ይዞ ተቀምጧል። የመጥመቂያው ቤት የእሱ ነው፤ ፈቃዱም በእሱ ስም ነው፤ ከላይ እስከ ታች ያሉት ማረፊያዎች አብዛኞቹ የእሱ ናቸው። ባዛሩ ግን ከሀብቱ ይልቅ ስለ ሥርዓት አዋቂነቱ ያከብረዋል። ጋብቻ ሲሆን፣ ሞት ሲሆን፣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ባጄ የሚሉት እንደ አያት እየቆጠሩት ነው።

«ምስኪን ልጅ!» አለ ዓይኑን ወደ ዝናቡ ሰዶ። «ያቺ ሴትዮ እንደምትጨርሰው አውቅ ነበር። መጠጥ ሻጭ ምን ታደርግ፣ እጇ ላይ ያለው መጠጥ ነው።»

«እርስዎም መጠጥ ሻጭ ነዎት እኮ ባጄ።»

«እኔ? አስጠምቃለሁ እንጂ አልቀምስም። ቢራ በይው ቶንግባ፣ አንድ ጠብታ ከዚህ ከንፈር አልፎ አያውቅም፤ የአባቴም ከንፈር አልፎ አያውቅም።»

«ኡጅዋል ዛሬ እውነት ሊናገር ነበር ይባላል።»

መቁጠሪያው አንድ ፍሬ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። «ወጣት ነው፤ ብዙ ይናገራል።»

«ምድር ቤት እንደሚተኛስ ነግሮዎታል?»

«አዎ፣ ማታ ሲመሽ። በርሜሎቹን ልጠብቅ አለ። እኔ ምን አገባኝ?»

«ማራገቢያው ሌሊት ቆሞ ከሆነስ?»

«ቆሞ ከሆነማ መብራት ሄዶ ነዋ! ማታ መብራት ጠፋ እኮ። እኔ ራሴ እስኪነጋ በሻማ ነው የጸለይኩት።»

ዲልማያ የቀላውን ዓይኗን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችና አመስግና ወጣች።

ፎቶ አንሺዋ ሪቺማ አልጋዋ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። የቢራውን ስም በስልክ ያስተጋባችው በዋናነት እሷ ናት፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው የምትጠጣውን አይቶ ይጠጣል። አሁን ግን ያቺ በፎቶ የምትስቅ ልጅ የት እንደገባች እንጃ።

«ዲዲ፣ እህቴ፣ መቼ ነው መንገዱ የሚከፈተው? ልታፈን ነው፤ እዚህ ቤት ውስጥ አየር የለም» አለቻት።

«የፉንግማን ቶንግባ ማን ነው ያስመጣው?»

ሪቺማ ከንፈሯን ነከሰች። «እኔ ነኝ። ለፎቶ ነበር። ደረቁን፣ ውሃ ሳይገባበት አነሳሁትና ኮሪደሩ ላይ አስቀመጥኩት። ጠዋት ሬሳው አጠገብ ሳየው... የኔ ነው ብል ገደልሽው አይሉኝም?»

«ይሉሻል። ስለዚህ ዝም አልሽና አሮጊቷ ታሰረች።»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ዲልማያ አላባበለቻትም፤ አጠገቧ ተቀምጣ ጠበቀች። የደበቀችው ሌላ ነገር እንዳለ ታይቷታል።

«ትናንት ጉብታው ላይ አብረን ነበርን» አለች ሪቺማ በመጨረሻ። «ስልኩ ተቆራርጦ ተቆራርጦ ገባለት። አባቱ ሞቷል ዲዲ። የበኩር ልጅ ነው፤ ሬሳው የሚቃጠልበትን እሳት መለኮስ ያለበት እሱ ነው። ቁልቁል ሮጦ ናዳው ድረስ ሄደ፤ ጭቃው እስከ ወገቡ ዋጠው፣ ጎትተን አወጣነው። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ነገ ራሴ እናገራለሁ ብሎ አስማለኝ። ከዚያ ስለ ቢራው ነገረኝ። የሺህ ዓመት እርሾ የሚባል የለም። ከፋብሪካ በጆንያ የሚመጣ ብቅል ነው። ዳጉሳው እኮ በርሜል ገብቶ አያውቅም።»

«የት ነው የሚገባው?»

«እሱን ለባጄ ተዪው አለኝ።»

ዲልማያ ከዚያ ወደ ኬላው ሄደች። ፉንግማ ወለሉ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። ጥርስ የቀራት ጥቂት ነው፤ ምላሷ ግን አልጎደለም።

«መጣሽ ልጄ? ልትሰቅዪኝ ነው ልትጠይቂኝ?»

«ረግመውታል አሉ፣ አማ፣ እናቴ።»

«ረግሜዋለሁ! እርግማን የሚገድል ቢሆን ባሌ የሠርጋችን ማግስት በሞተ!» ብላ ሳቀች። ሳቁ ግን መሃል ላይ ከዳትና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ትናንት ከናዳው ተመልሶ እኔ ዘንድ ነው የመጣው። ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ሆኖ። አማ፣ እርግማንሽ ደረሰብኝ፤ ቤቴ ተዘጋ፣ አባቴ ሞተ አለኝ። ምን ልበለው? ሩዝና ቅቤ ሰጠሁት። በሥርዓቱ ራሱ ጓሮዬ ላይ አበሰለ፤ እኔ እንጨት ብቻ አቀበልኩት። ማረፊያው ሁሉ በእንግዳ ተሞልቷል፣ ከሰው ተለይቼ መሬት የምተኛበት ያ ምድር ቤት ብቻ ነው አለ።»

«ለባጄ ለምን አልነገረም?»

«ባጄ ከሰማ፣ ሐዘንተኛ በጉባኤ መሃል አይናገርም ብሎ አፌን ይይዘኛል አለ። መጀመሪያ እናገራለሁ፣ ከዚያ ለሐዘን እቀመጣለሁ አለ።»

«ይሄን ሁሉ ለጉማን ለምን አልነገሩትም?»

አሮጊቷ ሻሿን ከፊቷ ገለጠች። «አፌ ነዋ የገደለው፣ ልጄ። መርዙን እንጃ። አፌ ግን ገድሎታል። ይሄ ሲገባኝ ምን ብዬ ልከራከር?»

ዲልማያ ከንፈሯን ነክሳ ወጣች። ከታች የዶዘሩ ጩኸት ይሰማ ጀመር። በጉሙ ውስጥ ድንጋይ ሲገለበጥ፣ ብረት ሲያፋጭ፣ ቀስ በቀስ ወደ ባዛሩ እየተጠጋ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን መንገድ ሲከፈት ሰው ይጨፍር ነበር። ዛሬ ግን ያ ድምፅ በቀረበ ቁጥር የአሮጊቷ ጊዜ እያጠረ ነው።

«ጉማን፣ ሁሉንም መጥመቂያው አዳራሽ ሰብስብልኝ። ፉንግማንም አምጣ» አለችው።

«ማዳም፣ መኪናው እኮ ሊደርስ ነው...»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ወረቀት እንኳን አልያዝክም እኮ!»

አዳራሹ ቢራ የሚቀመስበት ነው። ከፍ ከፍ ያሉ ወንበሮች፣ የሚያብረቀርቁ መቅጃዎች፣ ከመስታወቱ ውጪ ነጭ ጉም። ካርማ፣ ሪቺማና ዳሃል ከፊት ተቀመጡ፤ ፉንግማ በጉማን አጠገብ ቆመች። ከኋላ ልብስ ሰፊው፣ ሞሞ ሻጩና ባለማረፊያዎቹ ተጠጋግተው በሩን ሞሉት። ሁሉም አሮጊቷን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ዲልማያ ወንበር ስባ ዳሃል ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ባጄ፣ በዚህ አገር ሥርዓት አዋቂ ማን ነው ቢባል እርስዎ ነዎት። የማያውቁትን ያስተምሩልን። አንድ ሰው አባቱ ቢሞትበት በዚያ ቀን ምን ያደርጋል?»

«ይሄ አሁን ምን ያደርግልሻል?»

«ሰዉ ይማርበታል።»

ዳሃል ጉሮሮውን ጠረገ። ሲጠየቅ መመለስ ልማዱ ነው፤ ድምፁም የሚያስተምርበት ድምፅ ሆነ። «ቆዳ ከገላው ያወጣል፤ ጫማም ቀበቶም። ጨው አይቀምስም። ሩዝ በቅቤ፣ እሱንም በገዛ እጁ አብስሎ። ከሰው ተለይቶ መሬት ላይ፣ በጭድ ላይ ይተኛል። ሰው አይነካውም።»

«መጠጥስ?»

«መጠጥ? የት ተሰምቶ! የአባቱ ነፍስ ገና ደጅ ቆማ እያለ መጠጥ በአጠገቡም...»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ዓይኑ አንድ ጊዜ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ሄዶ ተመለሰ። መቁጠሪያው ከጣቱ ላይ መዞሩን አቆመ።

«የኡጅዋል አባት ትናንት ሞቷል» አለች ዲልማያ ወደ ሰዉ ዞራ። አዳራሹ ተንጫጫ። እስኪረጋ ጠበቀችና ቀጠለች። «ጫማውና ቀበቶው ከበሩ ውጪ ነው። ሳህኑ ላይ ሩዝና ቅቤ ብቻ ነው። የተኛው ጭድ ላይ ነው። ሁላችንም አየነው፣ ማንም አላነበበውም። እንግዲህ ይህ ልጅ ቶንግባ አልጠጣም፤ ሊጠጣም አይችልም። ዋንጫውን አጠገቡ ያቆመው ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አባቱ መሞቱን አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ ማንም የማያምነውን ውሸት ባልሸረበ።»

«ታዲያ በምን ሞተ?» አለ ጉማን።

«በቢራው ነዋ! ከበርሜሎቹ የሚወጣው ክፉ አየር ወለሉን ሞላው። የመሬቱ ኩራዝ ዘይት እያለው ታፍኖ ጠፋ፤ የመደርደሪያው ዘይቱን እስኪጨርስ ነደደ። ሌላ ቀን ቢሆን ኡጅዋል ቆሞ ይሠራ ነበር፤ ኩራዙ ሲጠፋ ይወጣ ነበር። ትናንት ግን ሐዘንተኛ ነው፤ መሬት ላይ ተኝቷል። አንድ ሰው ማራገቢያውን አጠፋበት። ሊነጋ ሲል መልሶ አበራው፤ አየሩ እስኪጠራ ጠብቆ መርዝ የነሰነሰበትን ቶንግባ ይዞ ገባ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው!»

ካርማ ተነስቶ ቆመ። «ማዳም፣ እኔም አባቱ መሞቱን አላውቅም ነበር። ያው እንዳይሉኝ...»

«ተቀመጥ። ፉንግማ ታውቅ ነበር፤ ሩዙን የሰጠችው እሷ ናት። ሪቺማ ታውቅ ነበር፤ መርዶው ሲመጣ አብራው ነበረች። ስለዚህ ሁለቱም ወጡ። ያላወቃችሁ አንተና ባጄ ናችሁ፤ እሱን አልደብቅህም።» ከምድር ቤቱ ያስመጣችውን ዋንጫ ፊቱ አቆመች። «አሁን ንገረኝ፤ ቶንግባ እንዴት ነው የሚዘጋጀው?»

«ምን ጥያቄ ነው? የፈላ ውሃ ይሞላበትና ፍሬው እስኪያብጥ ይጠበቃል።»

«በቀዝቃዛ ውሃስ?»

ካርማ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ እንኳን ሊስቅ ቃጣው። «በቀዝቃዛማ ደረቅ ዳጉሳ ነው የሚጠባው! እብድም አያደርገውም።»

«ይህን ዋንጫ ያቆመው ሰው ግን ከማሰሮ ቀዝቃዛ ውሃ ገለበጠበት። ፍሬው ይኸው አላበጠም። በዚህ ተራራ ላይ ተወልዶ ይህን የማያውቅ ሰው ማን ነው? ካርማ አይደለም፤ እሱ ያደገው ቶንግባ እየጠጣ ነው። ከንፈሩን አንድ ጠብታ ነክቶት የማያውቅ፣ የአባቱንም ከንፈር ነክቶት የማያውቅ ሰው ነው።»

ሁሉም ዓይን ዳሃል ላይ አረፈ።

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አለ ዳሃል። «መብራት ነው የጠፋው ብያለሁ! ማራገቢያውን ማንም አልነካውም!»

«ባጄ፣ የኮሪደርዎ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ላይ ሲበራ አድሯል። ስንት ጊዜ እንደተራገምኩ ልንገርዎት? መብራት የጠፋው ለማን ነው? ማራገቢያው ቆሞ እንደሆነ ስጠይቅዎት፣ አልቆመም ቢሉ ይሻልዎት ነበር።»

ሪቺማም ስልኳን ከፍ አደረገች። «ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲያደርግ ነው ያደረው» አለች።

ዳሃል ከወንበሩ ወርዶ ቆመ። ለአንድ አፍታ ሊያመልጥ መስሎ በሩን አየ፤ በሩ በሰው ተሞልቷል። ከሰዉ ጀርባ ጉም፣ ከጉሙ ጀርባ ናዳ ነው። የት ይሄዳል?

«እጄ አላረፈበትም» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው አልነካሁም። ማብሪያ ማጥፊያ ነው የነካሁት።» ከዚያ በድንገት ወደ በሩ ጮኸ። «ሊዘጋው ነበር! ብቅሉ የፋብሪካ ነው፣ ዳጉሳችሁን ወደ ቆላ አውርዶ የሚሸጠው ዳሃል ነው ብሎ ሊያወራ ነበር! ነገ ማን ይመጣል? እናንተስ ምን ልትበሉ ነበር? አንተ፣ መኪናህን ሽጠህ አልጋ የገዛኸው! ለእናንተም ነው እኮ!»

ልብስ ሰፊው መሬት መሬቱን አየ። «አይደለም» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም፤ ከሁሉ ይልቅ ዲልማያን ያሳፈራት ይህ ነበር። ጉማን የእጅ ሰንሰለቱን ከፉንግማ ላይ ሲፈታ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሳተው።

መንገዱ ተከፈተ። የአውራጃው መኪና ዳሃልን ጭኖ ወረደ። ከጀርባው ጂፖቹ ተከታተሉ፤ ታግተው የከረሙት ቢራ ጠጪዎች ሻንጣቸውን እየወረወሩ ተሳፈሩ። ማንም ጠርሙስ ይዞ ፎቶ አልተነሳም። ማረፊያዎቹ በአንድ ከሰዓት ባዶ ሆኑ። የአውቶቡሱ ሹፌር ጥሩንባ እየነፋ ዲልማያን ሲያስቸኩላት፣ እሷ ግን ወደ ፉንግማ ቤት ታጠፈች።

አሮጊቷ ምድጃው ፊት ቁጢጥ ብላ እሳት ትቆሰቁሳለች።

«አማ፣ ከእኔ ጋር ይውረዱ። ዳንኩታ ቤት አለኝ፣ ብቻዬን ነኝ። እነዚህ ሰዎች እኮ ዛሬ ጠዋት በቁምዎ ሊቀብሩዎት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ቢራው ሄደ። ነገ ሁሉም የከሰረው በፉንግማ ነው ይላል። በአንድ መንገድ ዳር እየተያዩ እንዴት ነው የሚኖሩት?»

ፉንግማ ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረች። ከደጅ የእግር ኮቴ ተሰማ። ጉማን ነበር፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ዝናብ ላይ ቆሟል። ከጀርባው ልብስ ሰፊው አለ። ትንሽ ራቅ ብሎ ሞሞ ሻጩ አለ። ለመግባትም ለመሄድም አቅም አጥተው ከጣራው ጠርዝ ሥር ቆሙ፤ ውሃው አንገታቸው ውስጥ ይንጠባጠባል።

«አማ...» አለ ጉማን ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ።

ፉንግማ አንድ በአንድ አየቻቸው። ዲልማያ ስድቡን ጠበቀች፤ ይገባቸዋል፣ ራሷም ልትጨምርበት ተዘጋጅታ ነበር።

«ሁላችሁንም ባባርራችሁ ምንኛ ደስ ባለኝ!» አለች። «እንቅልፌን ጠግቤ እተኛ ነበር። ግን ሌላ ጎረቤት ከየት ላምጣ?»

ምድጃው ላይ ማሰሮው ተንተከተከ።

«ግቡ፤ ዝናብ ላይ አትቁሙ» አለችና የፈላውን ውሃ ከምድጃው አወረደች።